የጌጅ ታሪክ፦ ከግቤ በረሃ እስከ ቡታጅራ ጋራዥ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ይደርሳል። ሻይ ይጠጣል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ወደ ግቤ በረሃ መውረድ ይጀምራል። ቁልቁለቱ ላይ የሹፌሩ ሐሳብ ሁሉ ፍሬኑ ጋ ነው። ሞተሩ የሚፈተነው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አበልቲ ሲወጣ፣ ወይም ከጅማ ሲመለስ ከወንዙ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ዓይኑ በመንገዱና በክሩስኮቱ መሃል ይመላለሳል። የሚፈልገው አንዲት ጥፍር የምታህል ቀስት ናት። ቀስቷ መሃል ላይ ከቆመች ይነዳል። ወደ «ኤች» ካዘነበለች ዳር ይዞ ኮፈን ይከፍታል። በቃ፣ ውሳኔው ይኸው ነው። ተሳፋሪው ተኝቷል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይቆጥራል፣ የሁሉም ጉዞ በዚያች ቀስት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ እንጀራዬ ግን ኮድ ነው። እኛም ዳሽቦርድ የምንለው ነገር አለን፤ ሰርቨሩ ስንት ጥያቄ እያስተናገደ እንደሆነ፣ ሜሞሪው ምን ያህል እንደቀረ በስክሪን ላይ የሚያሳይ። ስሙን የወሰድነው ከመኪና ነው። መኪናው ደግሞ ከፈረስ ጋሪ ነው የወሰደው። የፈረሱ ኮቴ የሚረጨው ጭቃ ሰው ላይ እንዳይደርስ በጋሪው ፊት የሚቆም ሳንቃ ነበር ድሮ «ዳሽቦርድ» የሚባለው። ጭቃ መከላከያ የነበረ ሳንቃ እንዴት የምስክር ወንበር ሆነ? ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ይኼ ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ጉዳይም አለበት፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

የድሮ መካኒክ ዳሽቦርድ አይልም፤ ክሩስኮት ነው የሚለው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቫልቮላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፦ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት መንገድ ጠረገ፣ የፊያት ከባድ መኪናዎችን አመጣ፣ ጋራዥ ከፈተ። ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ። አንድ የሚገርመኝ ነገር ግን አለ። የአካላቱ ስም ጣሊያንኛ ሆኖ ሳለ ቀስቶቹን የምንጠራቸው «ጌጅ» ብለን ነው፤ ይህኛው ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው። የራሴ ግምት እንዲህ ነው፦ መፍቻ የያዘው ሰው ቋንቋውን ከጣሊያን ጋራዥ ተማረ፤ ቀስት የሚያነበው ሹፌር ግን ብዙ ሆኖ የመጣው ዘግይቶ፣ ከላንድ ሮቨርና ከቶዮታ፣ ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፍም ጋር ነው። አንድ መኪና ውስጥ ሁለት የታሪክ ዘመን ተቀምጧል ማለት ነው፤ ኮፈኑ ሥር አንዱ፣ መሪው ፊት ሌላው።

ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው መኪና ሲድሌይ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነው። ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ አንስቶ በረሃ አቋርጦ በታኅሣሥ 1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አስገባው፣ ለአፄ ምኒልክም ቀረበ። የዚያ ዘመን መኪና የነዳጅ ቀስት የለውም። ነዳጅ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ክዳኑን ከፍቶ እንጨት መስደድ ነው፤ እንጨቱ እስከየት እንደረጠበ ይታያል። አትሳቁ፤ እንጨቱ የማይዋሽ ጌጅ ነው። በመሃል ሽቦ የለም፣ ባትሪ የለም፣ የሚበላሽ ነገር የለም። ችግሩ መኪናውን ማቆም ማስፈለጉ ብቻ ነው።

የጌጅ ታሪክ እንግዲህ መኪናውን ሳያቆሙ ማወቅ የመፈለግ ታሪክ ነው። የግፊት መለኪያው ከመኪና በፊት ነበር፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን ጠመዝማዛ የናስ ቱቦ ግፊት ሲገባበት ሊቃና እንደሚሞክር አይቶ እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ወሰደበት። ለእንፋሎት ሞተር የተሠራው ያ ቱቦ በኋላ የዘይት ግፊት ለማሳየት መኪና ውስጥ ገባ። የፍጥነት መለኪያውን ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1902 አስመዘገበ፦ ከጎማው ጋር የሚዞር ማግኔት በአንድ ቀላል የብረት ኩባያ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ኩባያውን ሳይነካ ይጎትተዋል፣ ኩባያው ላይ የተተከለችው ቀስት ትዞራለች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በአሮጌ ሚኒባሶች ውስጥ የሚሠራው ያው ነው። የፍጥነቷ ቀስት እንደ ሰካራም ስትወዛወዝ ካያችኋት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእሷ አይደለም፤ ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ ቅባት ደርቆበት ነው።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ያስቃል። በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ቦይስ ሞቶሜትር የሚባል ቴርሞሜትር ተፈጠረ፤ የተተከለው ራዲያተሩ ክዳን ላይ፣ ከመኪናው ውጭ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ አሻግሮ አፍንጫው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር እያየ ይነዳል። የሚለካው ውኃውን ሳይሆን ከውኃው በላይ ያለውን እንፋሎት ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ግቤ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

አሁን መንገዱን እናምጣ፤ ያለ መንገድ ጌጅ ምን ይሠራል? የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንገድ የሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ወልቂጤ በጅማ መስመር ላይ ስለነበረች ዕድል ገጠማት። ቡታጅራ ግን መንገዷን በእጇ ነው ያመጣችው ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከመርካቶ ነጋዴ እስከ መንግሥት ሠራተኛ፣ ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ማኅበራትን አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ ከአለም ገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ለሚደርሰው መንገድ የቆመው ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ ማኅበር የሚመለከት ነው። እስቲ አስቡት፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ በሳንቲም የሚነግድ ሰው፣ ገና መኪና ሳይኖረው፣ መኪና ለሚሄድበት መንገድ ያዋጣል። ለመስቀል አገሩ መግባት አለበታ።

በዚያ ዘመን ከተማውን ከሞሉት መኪናዎች አንዷ ቮልስዋገን ናት። ስለ ቮልስ ብዙዎቻችን የምናውቀው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡባት መኪና መሆኗን ነው። ለኔ ታሪክ ግን የምትጠቅመኝ በሌላ ነው። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 1962 ሞዴል ድረስ የነዳጅ ጌጅ አልነበራትም! ከክሩስኮቱ ሥር አንድ ማንሻ አለ። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግር ገፋ ያደርጉታል፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ሊትር አካባቢ ይለቅቃል። ማንሻውን ሳይመልሱ የቀዱ እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የሚባል የለም። የሙቀት ጌጅም የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ የሚፈላ ውኃ የለም። ሁለት መብራት ብቻ፣ ቀይና አረንጓዴ፦ አንዱ ለባትሪ፣ አንዱ ለዘይት። ጀርመኖቹ የነዳጅ ቀስት ሲጨምሩላትም መጀመሪያ ኤሌክትሪክ አልነካትም፤ ተንሳፋፊውና ቀስቷ በቀጭን ገመድ ነበር የተያያዙት። ለጥቂት ዓመታት እንደዚያ ቆይቶ ነው በሽቦ የተተካው።

ሽቦ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። እስካሁን ያየናቸው ሁሉ፣ እንጨቱም ገመዱም፣ የሚለካውን ነገር በቀጥታ ይነካሉ። በኤሌክትሪክ ጌጅ ግን መሃል ላይ መልእክተኛ ገባ። ነዳጅ ጋኑ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዱ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን ይቀይራል። በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ ቶዮታዎች ጋኑ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቀስት ነዳጅ አይታ አታውቅም። የምታውቀው ኦም ብቻ ነው። «ስንት ሊትር ቀረ?» ብለን ስንጠይቃት «በዚህ ሽቦ ይህን ያህል ኮረንቲ እየመጣ ነው» ትላለች፤ ትርጉሙን የጻፍነው እኛ ነን።

ይህን ኮረንቲ ወደ እንቅስቃሴ የሚቀይረው ነገር ውብ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የተለያየ የመለጠጥ ባሕርይ ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ተጣብቀው በዙሪያቸው የማሞቂያ ሽቦ ይጠመጠማል። ኮረንቲ ሲያልፍ ይሞቃል፣ አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ይረዝማል፣ ልጥፉ ይጎብጣል፣ ቀስቷ ትነሳለች። ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው በአሮጌ ኮሮላ ቁልፍ ስታዞሩ የነዳጅ ቀስት ቀስ ብላ፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው የምትነሳው። ይህ መዘግየት ጥቅም አለው። ፒስታ ላይ ጋኑ ውስጥ ያለው ነዳጅ ይናጣል፣ ተንሳፋፊው ይዘላል፣ ቀስቷ ግን አማካዩን ይዛ ትቆማለች። እኛ ሶፍትዌር ውስጥ የሚዘል ዳታን ለማለስለስ ኮድ እንጽፋለን፤ እነሱ በሁለት ብረት ጨረሱት።

አንድ ድክመት ነበረው። የባትሪው ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ሲል ቀስቷም አብራ ትዋዥቃለች። መፍትሔው ለጌጆቹ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቮልቴጅ መጣኝ ነው፤ በእንግሊዞቹ ስሚዝስ ጌጆች 10 ቮልት፣ በብዙ ቶዮታዎች 7 ቮልት አካባቢ። እሱም የሚሠራው በሁለት ብረት ልጥፍ ነው፦ ይሞቃል፣ ይለያያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይገናኛል፣ እንደ ልብ ትርታ። በብዙ መኪናዎች ነዳጁንም ሙቀቱንም የሚመግበው አንድ መጣኝ ነው።

ወደ ቤተሰብ ጉዳዩ ደረስን። አጎቴ ዲኤክስ ኮሮላ አለው፤ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች። ባለፈው መስቀል አገር ቤት ስንወርድ ቡታጅራ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሁለቱ ቀስቶች ባንድ ላይ ተነስተው ጣሪያ ነኩ። ነዳጁ ከሙሉ በላይ፣ ሙቀቱ ቀዩን አልፎ። አጎቴ መኪናዋን ዳር አውጥቶ አጠፋ። የኋላ ወንበር ላይ አክስቴ፣ ሁለት ሕፃናትና የቅቤ ባልዲ አሉ። ሞተሩ በእውነት ነዶ ከሆነ የዓመቱ በዓል እዚያው አስፋልት ዳር ነው የሚውለው፤ ቴስታታ ማስላጨትና ጓርኒሲዮን መቀየር ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። ጥቂት አርፈን ቀስ እያልን ከተማ ገባንና ዘመድ ወደጠቆመን ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«ስንቱ ነው የተበላሸው?» አሉ።

«ሁለቱም ናቸው ጋሼ፤ ነዳጁም ሙቀቱም» አለ አጎቴ።

«ሁለት ነገር ባንድ ቀን አይበላሽም የኔ ልጅ። አንድ ነገር ነው የተበላሸው።»

በሥራዬ ላይ ሰባት ሲስተም ባንድ ደቂቃ ሲወድቅ የምንፈልገው የጋራውን ምክንያት ነው፤ ይህንን ለማወቅ ኮርስ ወስደናል፣ ስብሰባ ተሰብስበናል። ሰውየው ገና ኮፈን ሳይከፍቱ ጨረሱት። ከዚያ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ ጌጁን አላዩትም። የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ጨበጥ አደረጉት፣ ውኃው መኖሩን አረጋገጡ። ሞተሩ ደኅና ነው። ዓለሙ ደኅና ከሆነ ምስክሩ ነው የሚመረመረው። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ካለው የሙቀት ሴንሰር አንዷን ሽቦ ነቀሉ። አጎቴ ቁልፍ አዞረ፤ ቀስቷ «ሲ» ላይ ተኛች። ይህ ማለት ሽቦው በመንገድ ላይ ቦዲ አልነካም፤ ነክቶ ቢሆን ሴንሰሩ ተነቅሎም ቀስቷ ላይ ትቀር ነበር። ሽቦውን መለሱና ክሩስኮቱን ፈቱ። የያዙት መሣሪያ አንዲት የፍሬቻ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከመጣኙ መውጫ፣ ሌላውን ከቦዲው አገናኙ። አምፖሏ በራች፤ ቀጥ ብላ፣ ሳትርገበገብ።

«አየህ? መተንፈስ ነበረባት» አሉኝ።

መጣኙ ጤነኛ ቢሆን አምፖሏ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ትርታው የሚታየው እንደዚያ ነው። ቀጥ ብላ ከበራች የባትሪው 12 ቮልት ሳይመጠን እያለፈ ነው፤ ለዚያ ነው ሁለቱም ቀስት ከልክ በላይ የሰገደው። ሰውየው ግን «መጣኙ ተቃጥሏል፣ ሶማሌ ተራ ሂዱና ግዙ» አላሉም። አንድ ሽቦ ወስደው ከክሩስኮቱ የኋላ ብረት ወደ መኪናው ቦዲ አሻገሩ። ጥቂት ሰከንድ አለፈ። አምፖሏ መርገብገብ ጀመረች፣ ቀስቶቹም ቀስ ብለው ወረዱ። ነገሩ ይኼ ነው፦ መጣኙ ራሱን የሚያሞቀው በግራውንድ ነው፤ ግራውንዱ ከተቋረጠ አይሞቅም፣ ካልሞቀ አይለያይም፣ ካልተለያየ ሁሉንም ያሳልፋል። የዛገች አንዲት ብሎን ነበረች። በካቻቢቴ ፈትተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው መለሷት። የወሰደው ጊዜ አንድ ቡና እስኪጠጣ ነው።

ያን ጊዜ የተረዳሁት አምፖሏ ለምን ከዘመናዊ መለኪያ እንደምትሻል ነው። ብዙ ሰው የነዳጅ ሴንደሩን ለመፈተሽ ሽቦውን ነቅሎ በቀጥታ ቦዲ ላይ ያስነካል። ቶዮታ ላይ ቀስቷ ወደ ሙሉ ከሄደች ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፣ ጥፋቱ ጋኑ ውስጥ ነው፤ ንቅንቅ ካላለች ጥፋቱ ወደ ክሩስኮቱ ነው። መሃሉን ቆርጦ የትኛው ግማሽ እንደታመመ መለየት፤ እኛ ኮድ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በቀጥታ ካስነኩና ካቆዩት የጌጁ ማሞቂያ ሊቃጠል ይችላል። አምፖሏን መሃል ካስገቧት ኮረንቲውን ትገታለች፣ ቀስቷ መነሳቷ ይታያል፣ የሚቃጠል ነገር የለም።

ሴንደሮች የሞሉበት አንድ የዘይት ቆርቆሮ አላቸው። አንዱን አንስተው አሳዩኝ፦ ክንዱ የሚንሸራተትበት ሽቦ ሙሉው አካባቢ እንደ አዲስ ያበራል፣ ከሩብ በታች ግን ተበልቶ አልቋል። ለምን? መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ጋኑ ሞልቶለት አያውቅም። ባለቤቱ ትንሽ ትንሽ ይቀዳል፣ ተንሳፋፊው ዘወትር እዚያችው ታች ይመላለሳል፣ ሽቦው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ጌጁ የሚሞተው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው፤ ከሩብ እስከ ባዶ። ከሩብ በላይ ፍጹም ትክክል ይናገራል፣ ግን ማን ከሩብ በላይ ያውቃል? ነዳጅ ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ በሚጠበቅበት ሰሞን የዚህ ዋጋ ሌላ ነው። በጄሪካን ይዞ መዞር አደጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያምነው ቀስት የሌለው ሰው ግን ይይዛል።

የግቤው ነገር ከዚህ ይከፋል። የሙቀት ሴንሰሩ ውኃው ውስጥ የተነከረ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲሞቅ መቋቋሚያው ይቀንሳል፣ ቀስቷ ትነሳለች። ቱቦ ፈንድቶ ውኃው ቢፈስስስ? ሴንሰሩ ባዶ አየር ውስጥ ይቀራል። አየር እንደ ውኃ ሙቀት አያቀብልም፤ ቀስቷ ትወርዳለች። ሞተሩ እየነደደ ጌጁ «ቀዝቅዤአለሁ» ይላል። የቦይስ ሞቶሜትርም ውኃውን ሳይሆን በላዩ ያለውን እንፋሎት ነበር የሚለካው ብዬ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ድክመት መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። አቀበት ላይ ቀስቷ ወጥታ ወጥታ ድንገት ከወረደች ደስ አይበላችሁ፤ ቁሙ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ ግፊት ይዞ መፍላቱን ወደ 115 ይገፋዋል። ስፕሪንጉ ከላላ ግን ወደ 94ቱ እንመለሳለን። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ባለው ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ የሞተበት መኪና ወልቂጤ ላይ በጤናው የሚሠራበት ሙቀትና የሚፈላበት ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይለያያሉ። ጌጁ ላይ የተሳለው ቀይ መስመር ግን ፋብሪካው የሣለው ነው፤ ስለ ወልቂጤ የሚያውቀው የለም። ቀስቷ ቀዩን ሳትነካ ሲፈላ «ጌጁ ተበላሽቷል» የሚል ብዙ ነው። ጌጁ እውነቱን ነው የተናገረው። ክዳኑ ነው የዋሸው።

ስለ መብራቶች ባጭሩ ልበል። አሜሪካዊው ሀድሰን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዘይትና ለባትሪ በቀስት ፋንታ መብራት ማድረግ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ርካሽ ነውና። መብራት የሚናገረው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ቁልፍ ሲዞር የዘይቱ መብራት መብራት አለበት፤ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ካልበራ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሰው ሽቦውን ነቅሎት ሊሆን ይችላልና ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በብዙ አሮጌ መኪናዎች የባትሪው መብራት ጠቋሚ ብቻ አይደለም፤ አልተርኔተሩ ሥራ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ኮረንቲ የሚያልፈው በዚያች አምፖል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ባትሪው ላይሞላ ይችላል። ምስክሯ ስትሞት ጉዳዩም አብሮ የሚሞትበት እንዲህ ያለ ንድፍ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ? መኪናዎቹ ገና ስላልሄዱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱን አከበደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ያሉት እንዳሉ ይጠገናሉ፤ ዲኤክሷም ትቀጥላለች። ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ እሱ ላይ «68 በመቶ» የሚል ቁጥር አለ። ባትሪ ውስጥ ተንሳፋፊ የለም። ቁጥሩ ስሌት ነው፤ የገባና የወጣ ኮረንቲ እየተደመረና እየተቀነሰ፣ ሙቀትና እርጅና እየታሰበ የሚወጣ ግምት። ያንን ግምት የሚጽፉት እንደኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለሰውየው ይህንን ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «እሺ፣ ጥርጣሬ ሲገባኝ የቱን ሽቦ ነው የምነቅለው?» ቁጥሩን ለመጠየቅ ኮምፒውተርና የኩባንያው ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። አምፖሏን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ልንወጣ ስንል አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገባች፤ የመጣችው ለፍሬን ነው። በመስኮቷ ሳይ የነዳጁ ጌጅ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ «ኤፍ» በነበረበት ቦታ በእስክሪብቶ «ባዶ» ተብሏል፣ «ኢ» በነበረበት «ሙሉ»። ድሮ ሴንደሩ ሲበላሽ ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ገጥመውለት ነው፤ የዚያኛው ኦም በባዶ ያንሳል፣ በሙሉ ይበዛል፣ ስለዚህ ቀስቷ የምትሄደው ወደ ኋላ ነው። መካኒኩ ትክክለኛው ሴንደር ቆርቆሯቸው ውስጥ እንዳለ፣ በዚያው ልግጠምልህ ብለው ጠየቁት።

«ተዉት ጋሼ» አለ ባለመኪናው፣ «እኔ ለምጄዋለሁ። የሚሳሳተው ሌባ ብቻ ነው።»